ብዙ ልጅ ባለበት ቤት ሸክሙ የማነው?

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ አንድ ጫማ ጠፋ። የሦስተኛው ልጄ የቀኝ እግር ጫማ ነው። አራተኛዋ ፀጉሯ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኖ ከፊቴ ተቀምጣለች። የመጨረሻው ከመጸዳጃ ቤት «ጨረስኩ!» እያለ ይጣራል። ሁለተኛው ትናንት ተፈርሞ መመለስ የነበረበትን ወረቀት ገና አሁን ከቦርሳው እያወጣ ነው። አባታቸው ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ጫማውን ያገኘችው ትልቋ ናት። ፈልጊ ያላት ሰው የለም። ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣችው፤ የወንድሟን እግር ጉልበቷ ላይ አሳርፋ ክሩን አሰረችለት፤ ከዚያ ሄዳ ታናሹን አጣጥባ ሱሪውን አስተካክላ አመጣችው። የራሷን ቦርሳ የዘጋችው ሁላችንም ከወጣን በኋላ ነው። 14 ዓመቷ ነው።

ማታ የሒሳብ ደብተሯን ስከፍት የቤት ሥራው ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ቆሟል። ከጥያቄው ሥር አንድ የእርሳስ መስመር ተጀምሮ መሀል ላይ ተቋርጧል። መስመሩ የተቋረጠበትን ደቂቃ አውቀዋለሁ። «ነይማ፣ አንድ ጊዜ ልጁን ያዥልኝ» ያልኳት እኔ ነኝ።

እኔ ራሴ ከስድስት ልጆች የመጀመሪያዋ ነኝ። ታናናሾቼን አቅፌ፣ አጥቤ፣ አስተኝቼ ነው ያደግሁት። ዛሬ የአምስት ልጆች እናት ሆኜ ያንኑ ሥራ ለልጄ ሳወርሳት ራሴን ስላገኘሁት ነው ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳሁት። ጥያቄዬ አንድ ነው። ብዙ ልጆች ባሉበት ቤት የቀን ተቀን ኑሮ እንዴት ይሄዳል? የሚሄድስ በማን ጉልበት ነው?

ስለ ብዙ ልጅ ሲነሳ ንግግሩ ሁልጊዜ ከቁጥር ይጀምራል። «ስንት አላችሁ?» አምስት ስንል አንዱ ይመርቀናል፣ ሌላው በሐዘኔታ ራሱን ይነቀንቃል። ሁለቱም ጥያቄውን ከዘጋ በኋላ ወደ ሌላ ጨዋታ ያልፋል። ዓለም በዚህ ቁጥር ላይ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ሐሳቧን ለውጣለች። የተባበሩት መንግሥታት የሕዝብ ብዛት መረጃ እንደሚያሳየው በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንዲት ሴት በአማካይ 5 ገደማ ልጆች ትወልድ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ አማካዩ ወደ 2.3 ገደማ ወርዷል። ከዓለም አገሮች ከግማሽ በሚበልጡት ደግሞ ከ2.1 በታች ነው፤ ይህም አንድ ትውልድ ራሱን ለመተካት ከሚያስፈልገው ያነሰ ማለት ነው።

ይህ ለውጥ ዕቃዎቹንና አሠራሮቹን ሁሉ ይዞ ሄዷል። የቤት መኪና የሚሠራው ለአምስት ሰው ነው። የሆቴል የቤተሰብ ክፍል ሲባል ሁለት ወላጅና ሁለት ልጅ ማለት ነው። የቤተሰብ ቲኬትም እንዲሁ። የትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ወላጅ አንድ ልጅ ብቻ እንዳለው ታስቦ በአንድ ምሽት ይጠራል፤ አምስት ልጆች ያላት እናት በአንድ ሰዓት በሦስት ክፍል መገኘት ይጠበቅባታል። ብዙ ልጅ የተለመደ በነበረበት ዘመን ቢያንስ አካባቢው ሁሉ ለዚያ ኑሮ የተሠራ ነበር። ዛሬ ብዙ ልጅ የሚያሳድግ ቤተሰብ ለሌላ ልክ በተሰፋ ልብስ ውስጥ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ጉዳዩ ያለፈ ዘመን ወሬ አይደለም፤ እንዲያውም ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነው።

አምስት ልጅ የአንድ ልጅ አምስት እጥፍ እንዳልሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ጄምስ ቦሳርድ በ1945 ይህንን በቀላል ስሌት አሳይቶት ነበር። ቤተሰብ ላይ አንድ ሰው ሲጨመር የሰዎቹ ቁጥር በአንድ ያድጋል፤ በሰዎቹ መካከል ያለው ግንኙነት ግን እጅግ በፍጥነት ይበዛል። ሁለት ወላጆችና አንድ ልጅ ባሉበት ቤት ሦስት የጥንድ ግንኙነቶች አሉ። ሁለተኛ ልጅ ሲወለድ ስድስት ይሆናሉ፤ ሦስተኛ ሲወለድ አሥር። እንደ እኛ ሰባት ሰዎች ባሉበት ቤት 21 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ 10ሩ በልጆቹ መካከል ያሉ ናቸው፤ 10ሩ በወላጅና በልጅ መካከል ያሉ ናቸው፤ የባልና የሚስት የሆነው አንዱ ብቻ ነው። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር መጀመሪያ ያሰላሁ ዕለት ብዙ ነገር ገባኝ። ሃያው ግንኙነት ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ ይጠራል፣ ያለቅሳል፤ አንዱ ግን ዝም ብሎ ይጠብቃል። ዝም ያለ ነገር ደግሞ ተራው ሳይደርሰው ይመሻል።

ስሌቱ ወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም። ሁለተኛውና አራተኛዋ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ለሰዓታት ተስማምተው ይጫወታሉ፤ ሦስተኛው ሲጨመር በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንዱ ያለቅሳል። ሦስተኛው ከአባቱ ጋር ብቻውን ሲሆን ቁም ነገረኛ ነው፤ ከታናሹ ጋር ሲሆን የሦስት ዓመት ልጅ ይሆናል። የብዙ ልጆች ወላጅ የምትመራው አምስት ልጆችን ሳይሆን ማን ከማን ጋር፣ በየትኛው ክፍል፣ በስንት ሰዓት፣ ርቦት ወይስ ጠግቦ የሚለውን ጥምረት ሁሉ ነው። ሰው ቤታችን መጥቶ «ልጆቹ ዛሬ እንዴት ጨዋ ናቸው» ሲል ከዚያ ጸጥታ በስተጀርባ ያለውን አደላደል አያየውም።

ሥራው በዓይን ከሚታየው ይጀምራል። አምስት ልጆች በቀን አንድ አንድ ጥንድ ካልሲ ቢያወልቁ በሳምንት 70 ነጠላ ካልሲ ይታጠባል፣ ይሰጣል፣ ይጣመራል። ነገር ግን ካልሲ ማጠብ ለማንም ሰው ሊሰጥ የሚችል ሥራ ነው። ልጆች በበዙ ቁጥር ከልክ በላይ የሚያድገው ሥራ ሌላ ነው፤ እርሱም የማስታወስ ሥራ ነው።

አሊሰን ዳሚንገር የተባለችው የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ በ2019 ባሳተመችው ጥናት 35 ጥንዶችን አነጋግራ ይህን ሥራ በአራት ደረጃ ከፍላ አሳይታለች። አንድ ነገር እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ማየት፣ አማራጮችን መፈለግ፣ መወሰን፣ ከዚያም መፈጸሙን መከታተል። በውሳኔው ላይ ባልና ሚስት አብረው ይሳተፋሉ። አስቀድሞ ማየቱና መከታተሉ ግን በአብዛኛው የሴቷ ሆኖ ተገኝቷል። ያንን ጥናት ሳነብ የሦስተኛው ልጄ ጫማ ትዝ አለኝ። ልጁ ሲራመድ ጣቶቹን እንደሚያጥፍ ማየት ያስፈልጋል። የወንድሙ አሮጌ ጫማ ይበቃው እንደሆነ መፈተሽ አለ። ካልበቃው መቼ እንደሚገዛ መወሰን፤ ተገዝቶም ከሁለት ሳምንት በኋላ ተረከዙን እንዳልላጠው ማየት። ባለቤቴ ጫማውን ገዝቶ ሲመጣ ሥራ ሠርቷል፤ እውነት ነው። ነገር ግን መግዛቱ ከአራቱ ውስጥ የለም። ይህ እንግዲህ አንድ ጫማ ነው። በአምስት ልጅ አሥር እግር አለ፤ ጥርስ አለ፣ ክትባት አለ፣ ፈተና አለ፣ ከጓደኛ ጋር መጣላት አለ፣ ለማንም ያልተነገረ ፍርሃት አለ። ማታ አልጋ ላይ ወጥቼ ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ገጽ በገጽ የተጻፈ ዝርዝር ነው።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» እንላለን። አነጋገሩ የተጨነቀ ወላጅን ስለሚያረጋጋ አልጠላውም። ነገር ግን ያንን ዕድል ቀረብ ብለን ስናየው ብዙ ጊዜ ስም አለው። ሌሊት የተነሳች እናት ናት፤ ትምህርቷን ያቋረጠች ታላቅ እህት ናት፤ ጉልበቷ እያመማት ልጅ የያዘች አያት ናት።

የምጣኔ ሀብት ምሁራን ነገሩን በሌላ መንገድ ነው የያዙት። በኋላ በ1992 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ጋሪ ቤከርና ባልደረባው ግሬግ ሉዊስ በ1973 ያቀረቡት ሐሳብ፣ ወላጆች የልጆችን ቁጥር በጨመሩ መጠን ለእያንዳንዱ ልጅ የሚያወጡት ይቀንሳል የሚል ነው። ጁዲት ብሌክ የተባለችው ምሁርም በ1981 ተመሳሳይ መከራከሪያ አቀረበች፦ የወላጅ ጊዜ፣ ጉልበትና ገንዘብ እንደ ወተት ነው፤ ብዙ ብርጭቆ ላይ ሲቀዳ በየብርጭቆው የሚደርሰው ያንሳል። ምሳሌው የእኔ ነው፤ ሐሳቡ ግን የእርሷ ነው። ለብዙ ዓመታት ሰው ሁሉ ይህን እንደ ተዘጋ ጉዳይ ይዞት ኖሯል። ብዙ ልጅ ባለበት ቤት ያደጉ ልጆች በአማካይ ትምህርታቸውን ያነሰ ርቀት ይገፋሉ፤ ቁጥሩ ይህን ይላል።

ግን ብዙ ልጅ የሚወልዱ ቤተሰቦች ከሌሎቹ በብዙ ነገር ይለያሉ። በገቢም፣ በወላጆች ትምህርትም፣ በመኖሪያ ቦታም ሊለያዩ ይችላሉ። ታዲያ ልጁን ያስቀረው የወንድሞቹ ቁጥር ነው ወይስ ይህ ሌላው ነገር? ሳንድራ ብላክ፣ ፖል ዴቨሩና ኬል ሳልቫኔስ በ2005 የኖርዌይን ሕዝብ መረጃ በሙሉ ይዘው መረመሩት። መንትያ የተወለደባቸውን ቤቶችም እንደ ማነጻጸሪያ ተጠቀሙ፤ መንትያ ማለት ወላጅ ያላቀደው አንድ ተጨማሪ ልጅ ማለት ነውና። ውጤቱ የብዙ ሰው ግምት ያፈረሰ ነበር። ልጁ ስንተኛ ሆኖ መወለዱ ከተቆጠረ በኋላ የልጆቹ ብዛት በትምህርት ላይ ያለው ተጽዕኖ ወደ ኢምንት ወረደ። በ2008 ግን በቻይና መንትዮች ላይ የተሠራ ጥናት ተቃራኒውን አገኘ፤ የልጅ ቁጥር መጨመር ትምህርታቸውን ይጎዳል፣ በተለይም የሕዝብ ትምህርት ደካማ በሆነበት ገጠር ጎልቶ ይታያል።

ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አይጣሉብኝም። በኖርዌይ ትምህርት በነፃ ነው፤ ሕክምናውም ድጋፉም ከቤት ውጭ ተደራጅቷል። አምስተኛው ልጅ ሲመጣ ከአራቱ አፍ የሚነጠቅ ነገር ጥቂት ነው። ያ ሁሉ በቤተሰቡ ትከሻ ላይ በሚወድቅበት ቦታ ግን እያንዳንዱ ልጅ ከሌላው ይወስዳል። ስለዚህ «አምስት ልጅ ይበዛል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄውን ሳይጨርስ ነው የጠየቀኝ። ይበዛል፣ ለማን? ከማን ጋር ለሚያሳድግ? አምስት ልጅ ለሁለት እጅ ይበዛል። ለስምንት እጅ ላይበዛ ይችላል።

ልጁ ስንተኛ ሆኖ መወለዱ ለምን ለውጥ ያመጣል የሚለው ግን ብዙ ጊዜ አሳስቦኛል። የልጆችን ጠባይ እንደሚወስን ብዙ ይወራል፤ የመጀመሪያው ገዢ ነው፣ መካከለኛው የተረሳ ነው፣ የመጨረሻው ሞልቃቃ ነው ይባላል። በ2015 ከ20,000 በላይ የአሜሪካ፣ የብሪታንያና የጀርመን ሰዎችን መረጃ የመረመረ ጥናት የውልደት ቅደም ተከተል በጠባይ ላይ ይህ ነው የሚባል ዘላቂ ተጽዕኖ እንደሌለው አሳይቷል። ስለዚህ ልጆቻችንን በዚህ መነጽር ማየቱን ብንተወው መልካም ነው። ልዩነት ያለው በሌላ ቦታ ነው፤ በጊዜ።

ጆሴፍ ፕራይስ የተባለ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በ2008 የአሜሪካ ቤተሰቦች ቀናቸውን በምን እንደሚያሳልፉ የሚያሳየውን መዝገብ መርምሮ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ በአንድ ዕድሜ ላይ እያለ ከወላጁ ያገኘው የቅርብ ጊዜ፣ ሁለተኛው ልጅ በዚያው ዕድሜ ላይ ሲደርስ ከሚያገኘው በየቀኑ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበልጣል። የሚያስደንቀው ምክንያቱ ነው። ወላጆቹ አላዳሉም። እንዲያውም በየቀኑ ጊዜያቸውን ለልጆቻቸው እኩል ለማካፈል ይጥራሉ። ነገር ግን ለልጆች የሚሰጠው ጠቅላላ ጊዜ ልጆቹ እያደጉ ሲሄዱ ይቀንሳል። ትልቋ የአራት ዓመት ልጅ በነበረችበት ወቅት ቤታችን የአራት ዓመት ልጅ ቤት ነበር፤ ተረት ነበረ፣ ወለል ላይ መቀመጥ ነበረ፣ አንድ ጉንዳን ስትሄድ ለግማሽ ሰዓት ማየት ነበረ። አራተኛዋ አራት ዓመት ሲሞላት ቤታችን የትምህርት ቤት ልጆች ቤት ሆኗል። ተረቱ አጥሯል፣ ወለሉ ላይ የሚቀመጥ የለም፣ ጉንዳኗን ብቻዋን ነው ያየቻት። በየቀኑ ፍትሐዊ ሆነን፣ በዕድሜ ልክ ሲደመር ፍትሐዊ ሳንሆን ቀረን።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የሚዛኔ ዓይነት ተለወጠ። ድሮ ማታ ላይ ስተኛ «ዛሬ ማንን አላናገርኩም?» ብዬ እጠይቅ ነበር። አሁን ሌላ ጥያቄ ጨምሬአለሁ፦ «ትልቋ በዚህ ልጅ ዕድሜ ሳለች ምን ታገኝ ነበር?» የሦስት ዓመቱ ታናሽ የትልቋን የሦስት ዓመት ምሽት ሙሉ በሙሉ ሊያገኝ አይችልም፤ ያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ ከእርሷ ሌላ አንድ ሕፃን ብቻ ነበር። ከዚያ ምሽት ግን አንድ ነገር ተመርጦ ሊሰጠው ይችላል። እኛ የመረጥነው የመኝታ ተረቱን ነው። ምንም ቢመሽ አይታለፍም፤ ትልልቆቹም ሲያዳምጡ የራሳቸውን የልጅነት ተረት ስለሚሰሙ አይሰለቹም።

እንግዲህ የመጀመሪያ ልጅ በጊዜ በኩል አትርፋለች ካልን በሌላ በኩል የምትከፍለውንም መናገር ግድ ነው። ብዙ ልጅ ባለበት ቤት የወላጅ እጅ ሲያልቅ ቀጥሎ የሚታየው እጅ የእርሷ ነው። በዓለም ዙሪያ ታላላቅ ልጆች ታናናሾቻቸውን ያሳድጋሉ፤ ይህ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ልጅ የቤቱን ሥራ ሲካፈል የቤቱ ሰው መሆኑን ያውቃል። እኔም ዛሬ ሕፃን ታቅፌ አለመፍራቴ፣ ትኩሳትን በእጄ መዳፍ መለየቴ ከዚያ የመጣ ነው። ልጅ ሥራ አይንካ የሚሉትን አልደግፍም።

ግን ማገዝና መተካት ይለያያሉ። በቤተሰብ ሕክምና ስሙ የሚነሳው ሳልቫዶር ሚኑቺን በ1974 ይህን ወሰን በግልጽ አስምሮታል። እንደ ወላጅ ሆኖ የሚያገለግል ልጅ ባለበት ቤት ኃላፊነቱ በግልጽ የተነገረና ከልጁ አቅም ጋር የሚመጣጠን ከሆነ ልጁ በደህና ያድጋል። ችግሩ የሚመጣው ወላጅ ሥልጣኑን ሲለቅ ነው፤ ልጁ ሳይነገረው፣ መጠኑ ሳይታወቅ፣ ማብቂያው ሳይወሰን ቤቱ በእርሱ ላይ ሲቆም። የዚያን ጠዋት ጫማ ሳስታውስ የሚያሳስበኝ ልጄ ጫማ መፈለጓ አይደለም። ማንም ሳያዛት መፈለጓ ነው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የወንድሟ እግር፣ የታናሿ ሱሪ፣ የእኔ ድካም ሁሉ በእርሷ አእምሮ ውስጥ ተመዝግቧል። ዳሚንገር በሚስቶች ላይ ያገኘችው አስቀድሞ የማየት ሥራ በ14 ዓመቷ ልጄ ላይ ተጭኗል።

ይህ ደግሞ በአብዛኛው የሚወድቀው በሴት ልጅ ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ዩኒሴፍ በ2016 እንዳስታወቀው ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉ የዓለም ሴት ልጆች በየቀኑ በቤት ውስጥ ሥራ 550 ሚሊዮን ሰዓት ያሳልፋሉ፤ ይህም በዚያው ዕድሜ ካሉ ወንዶች በ160 ሚሊዮን ሰዓት ይበልጣል። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ሩቅ ይመስላል። በእኛ ቤት ግን ሁለተኛው ወንድ ልጄ 12 ዓመቱ ነው። እርሱ በ12 ዓመቱ ኳስ ይጫወታል፤ ትልቋ በ12 ዓመቷ ሕፃን ታስተኛ ነበር። ማንም ተቀምጦ እንዲህ ይሁን ብሎ አልወሰነም። እኔ ስደክም አፌ ላይ የሚመጣው ስም የእርሷ ነው፤ ልዩነቱ ከዚህ ነው የጀመረው። ይህን ማመን ለእኔ ቀላል አልነበረም። በእኔም ቤት እናቴ ስትደክም አፏ ላይ የሚመጣው ስም የእኔ ነበርና።

የብዙ ልጆች ቤት ይህ ብቻ አይደለም፤ እንደዚያ ብዬ ብጨርስ ቤቴን አማሁት ማለት ነው። ወንድምና እህት ያለው ልጅ ሌላው ሰው ከእርሱ የተለየ ነገር እንደሚያስብ ቶሎ ይማራል። ጆሴፍ ፐርነርና ባልደረቦቹ በ1994 ባወጡት ጥናት ብዙ ወንድምና እህት ያላቸው የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች ሌላ ሰው የተሳሳተ እምነት ሊኖረው እንደሚችል ብቸኛ ከሆኑት ቀድመው ተረድተዋል። ታናሹ ልጄ ብስኩቱን ከወንድሙ ሲደብቅ የሚያየኝን አስተያየት አይቼ አልተደነቅሁም፤ ወንድሙ የት እንደሚፈልግ አስቦበታል። ሐኪሙ ዴቪድ ስትራካን ደግሞ በ1989 ከ17,000 በላይ የብሪታንያ ልጆችን መረጃ መርምሮ ብዙ ታላላቆች ያሉት ልጅ በአበባ ብናኝ አለርጂ የመያዝ ዕድሉ አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። ከዚህም በላይ የሆነ ነገር አለ፤ እርሱን ግን በጥናት ሳይሆን በዓይኔ ነው የማውቀው። ሌሊት መብራት ሲጠፋ አምስቱም ወደ አንድ አልጋ ይሰበሰባሉ፤ እኔ ስደርስ ፍርሃቱ አልፎ ሳቅ ነው የሚሰማኝ።

ታዲያ ያ ሁሉ በጎ ነገር እንዲገኝ ሸክሙ የት ይሂድ? የሰው ልጅ ልጁን በሁለት ሰው ብቻ ያሳደገበት ዘመን በታሪኩ ውስጥ አጭር ነው። ሬቤካ ሲርና ሩት ሜስ በ2008 በልዩ ልዩ ማኅበረሰቦች የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ ከእናት ሌላ ቢያንስ አንድ ዘመድ ለሕፃኑ በሕይወት መቆየት አስተዋጽኦ እንዳለው አግኝተዋል፤ በተለይ የእናት እናት ስሟ ይደጋገማል። ሳራ ብላፈር ሃርዲ የተባለችው አንትሮፖሎጂስት ከዚህ ተነስታ ሰው ሰው የሆነው ልጅን በጋራ በማሳደጉ ነው እስከ ማለት ደርሳለች። ዛሬ አያት በሌላ ከተማ ናት፤ አክስት ራሷ ሥራ ላይ ናት፤ ጎረቤት በሩን ዘግቷል። የተበተነውን ዘመድ እጅ ሊተካ የሚችለው የሕፃናት ማቆያ፣ የወላጅ ፈቃድ፣ ከሥራ ሰዓት ጋር የሚገጥም ትምህርት ቤት ነው። እነዚህ በሌሉበት «ቤተሰብ የኅብረተሰብ መሠረት ነው» የሚል ንግግር ለሰለቸች እናት ምንም አይጨምርላትም። ብዙ ልጅ የወለደን ቤተሰብ ማመስገንም ሆነ መውቀስ ዋጋ አያስከፍልም፤ ለሦስት ሰዓት ልጅ የሚይዝ አንድ ሰው ማቅረብ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

እነዚያ እስኪመጡ በቤታችን ያደረግነውን ልናገር። መጀመሪያ ሥራ መካፈል ትተን ጉዳይ መካፈል ጀመርን። ባለቤቴ ጫማና ጥርስን ወሰደ። ወሰደ ስል የአሥሩን እግርና የአምስቱን አፍ ጉዳይ ከማየት እስከ መከታተል ሙሉ በሙሉ ማለቴ ነው። በመጀመሪያው ወር የአራተኛዋን የጥርስ ቀጠሮ ረሳው፤ እኔም እያወቅሁ ዝም አልኩ። ዝም ማለቱ ከማስታወስ ይልቅ ከበደኝ። ቀጠሮው በሁለት ሳምንት ተራዘመ፤ ከዚያ በኋላ አንድም አልረሳም። ካስታወስኩት ግን ጉዳዩ ተመልሶ የእኔ ይሆን ነበር።

ሁለተኛው ልጄ ታናሹን ማልበስና የማታ ካልሲ ማጣመርን ያዘ። አጉረመረመ፤ ይገባል፤ ለ12 ዓመት ማንም ያልጠየቀውን በአንድ ቀን ጠየቅነው። ያገባኛል የሚለው ስሜት ግን ከሁለት ወር በኋላ መጣ፤ ታናሹ ቁልፎቹን ራሱ መቆለፍ ሲችል ለሁሉም እየዞረ የተናገረው እርሱ ነው።

ለትልቋ ደግሞ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያለውን ጊዜ ሰጠናት። በዚያ ጊዜ ስሟ አይጠራም። ታናሹ ቢወድቅም፣ ድስቱ ቢገነፍልም አይጠራም። ከሁሉም ሰው ይልቅ ይህን ለመፈጸም የተቸገርኩት እኔ ነኝ። በአንደኛው ሳምንት ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ።

ባለፈው ሰኞ በዚያው ሰዓት ታናሹ ማልቀስ ጀመረ። አቀፍኩት፣ ውኃ ሰጠሁት፣ እግሩን አየሁ፤ አልተወም። የክፍሏ በር ተከፈተና ትልቋ እርሳሷን እንደያዘች ብቅ አለች። ተመለሺ አልኳት። አልተመለሰችም።

«እማዬ፣ ለምን እንደሚያለቅስ የማውቀው እኔ ነኝ እኮ» አለችኝ።

«ንገሪኝና እኔ ላድርገው» አልኳት።

በሩን ይዛ ትንሽ አሰበች። የሹራቡ የግራ እጅጌ ሁልጊዜ ውስጡ ይጠቀለልበታል፣ ከክርኑ በላይ ነው፣ ከውጭ አይታይም አለችኝ። እጄን አስገብቼ ሳየው ተጠቅልሏል። ዘረጋሁለት። ልጁ ዝም አለ። እርሷ እስክረዳው ድረስ ቆማ አየችኝና ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።